የጣት ወለምታ

አማርኛ ተናጋሪ ሳያስበው ስለነካው ቁልፍ ሲያወራ «ነካሁት» አይልም፤ «ተነካብኝ» ይላል። በዚህች አንዲት ቃል ውስጥ ‹ተ› አድራጊውን ከዓረፍተ ነገሩ ታስወጣዋለች፣ ‹ብ› ደግሞ የድርጊቱ ጉዳት በማን ላይ እንዳረፈ ትናገራለች፤ መልእክቱ «ተላከብኝ»፣ የልጄ ፎቶ «ተሰረዘብኝ» ሲባልም አካሄዱ ያው ነው። ሰሚው ብዙውን ጊዜ ይህን አነጋገር እንደ ማመካኛ ይወስደዋል። ይሁንና መሣሪያን ለሰው እጅ እንዲመች አድርጎ መቅረጽን ሙያቸው ያደረጉ ሰዎች ከ70 ዓመት በላይ በፈጀ ምርምር የደረሱበት ድምዳሜ ከዚህ የገበያ አነጋገር ብዙም አይርቅም፤ ሳይታሰብ ለተጫነ ቁልፍ ከጣቱ በፊት ቁልፉን በዚያ ቦታ፣ በዚያ መጠንና በዚያ ቅርጽ ያስቀመጠው ሰው ይጠየቅ ይላሉ።

ሰው ለመሣሪያ ትእዛዝ የሚሰጥበትና መሣሪያውም መልሱን የሚያሳይበት ፊት በሙያው ቋንቋ ኢንተርፌስ ይባላል፤ የወፍጮ ማስነሻ ሣጥን፣ የስልክ ቁልፎችና የኤቲኤም ሰሌዳ ሁሉም በዚህ ስም ይጠቃለላሉ። ጥሩ ኢንተርፌስ ለጣት ወለምታ ሁለት ዓይነት መልስ ያዘጋጃል፤ አንደኛው ስህተቱ ከመነሻው እንዳይፈጸም መከልከል፣ ሁለተኛው ደግሞ ከተፈጸመ በኋላ ጉዳት ሳያደርስ እንዲታረም ፋታ መስጠት፣ ማለትም ይቅር ማለት ነው። የጠመንጃ ቃታን ዙሪያውን የሚከበው የብረት ቀለበት ለመጀመሪያው ዓይነት የቆየ ምሳሌ ነው፤ ለሁለተኛው ግን ጠመንጃ ምሳሌ ሊሆን አይችልም።

ሁለቱን መልሶች በአንድ ሣጥን ውስጥ ተጣምረው ለማየት ከፍኖተ ሰላም ወይም ከቡሬ ወጣ ብሎ መብራት የገባበት የገጠር ወፍጮ ቤት መጎብኘት ይበቃል። በቆሎው፣ ጤፉና ዳጉሳው በጆንያና በስልቻ ተራ ይዞ በሚጠብቅበት በዚያ ቤት፣ ግድግዳው ላይ ዱቄት የጠገበ አንድ ሣጥን ተሰቅሎ ይታያል፤ ፊቱ ላይ አንድ አረንጓዴና አንድ ቀይ ቁልፍ አለው። ቀረብ ብሎ ላስተዋለው ሰው ሁለቱ ቁልፎች የሚለያዩት በቀለም ብቻ አይደለም። አረንጓዴው፣ ማለትም ሞተሩን የሚያስነሳው፣ ከሣጥኑ ፊት ጋር እኩል ሆኖ ወይም ጥቂት ወደ ውስጥ ጎድጎድ ብሎ የተቀመጠ ስለሆነ በጣት ጫፍ ታልሞ ካልተገፋ አይሠራም፤ ትከሻ ቢደገፍበት፣ ጆንያ ቢታከከው፣ ሕፃን በመዳፉ ቢመታው ዝም ይላል። ቀዩ ግን ከሣጥኑ ፊት ወጣ ብሎ የቆመ በመሆኑ በመዳፍም፣ በክርንም፣ ዓይን በዱቄት ተሸፍኖ በዳበሳም ሊመታ ይችላል። የዚህ አለመመጣጠን ምክንያት ቀላል ስሌት ነው፤ ወፍጮው ሳይታሰብ ቢቆም የሚባክነው ጥቂት ደቂቃ ሲሆን፣ ሳይታሰብ ቢነሳ ግን ቺንጋው አጠገብ ያለ እጅ ወይም የነጠላ ጫፍ ይዞ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ አደገኛው ትእዛዝ እንዲከብድ፣ አዳኙ ትእዛዝ እንዲቀል ተደርጓል።

ከሁሉም የሚደንቀው ግን ከውጭ የማይታየው ክፍል ነው። በሣጥኑ ውስጥ ኮንታክተር የሚባል፣ በኤሌክትሪክ ማግኔት የሚሠራ መቀየሪያ አለ። አረንጓዴው ቁልፍ ሲጫን በትንሿ ጥቅል ሽቦ ውስጥ ኤሌክትሪክ ያልፍና ጥቅሉ ማግኔት ይሆናል፤ ማግኔቱም ንክኪዎቹን ስቦ በማገናኘት ሞተሩን ያስነሳል፤ ከንክኪዎቹ አንዷ ደግሞ ጣት ከቁልፉ ላይ ከተነሳ በኋላም ለጥቅሉ ኤሌክትሪክ ማቀበሏን ስለምትቀጥል ኮንታክተሩ ራሱን በራሱ ይዞ ይቆያል። መብራት ሲጠፋ ማግኔቱ ይሞታል፣ ስፕሪንጉም ንክኪዎቹን ይለያያቸዋል። መብራቱ ተመልሶ ሲመጣ ታዲያ አምፖሉ ይበራል እንጂ ወፍጮው አይነሳም፤ ሰው ሄዶ እንደገና አረንጓዴውን እስኪጫን ድረስ ሞተሩ ዝም ብሎ ይጠብቃል። በእጅ ተገፍቶ ባለበት የሚቀር ተራ ማብሪያ ቢሆን ኖሮ ግን፣ መብራት በጠፋበት ሰዓት ሠራተኛው የታፈነውን ዱቄት ለማውጣት እጁን ወደ ድንጋዩ አስገብቶ ሳለ ማንም ምንም ሳይነካ ወፍጮው ይሽከረከር ነበር። ይህ ሁኔታ ራሱን የቻለ «ተነካብኝ» ነው፤ ከአንድ ሰዓት በፊት በትክክል የተሰጠ ትእዛዝ ጊዜው ካለፈ በኋላ ሲፈጸም፣ ለሚጎዳው ሰው ሳይታሰብ ከተጫነ ቁልፍ በምን ይለያል? መብራት በሚጠፋበትና በሚመጣበት አገር ይህች ርካሽ ጥቅል ሽቦ ስንት ጣት እንዳተረፈች ቆጥሮ የጻፈ ሰው የለም። መብራት ባልደረሰበት ቀበሌ የሚሠራው የናፍጣ ወፍጮ ግን በሁለት እጅና በብዙ ላብ ካልተዞረ ስለማይነሳ ከዚህ ችግር ነጻ ነው፤ ድካም ራሱ መከላከያ ሆኖ ያገለግላል።

በቡሬ የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲቋቋም፣ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ፊቤላ የተባለው ግዙፍ የምግብ ዘይት ፋብሪካ ሲመረቅ፣ ሌላ ዓይነት ቁልፍ ለአካባቢው ወጣት ሠራተኛ የዕለት ተዕለት ነገር እየሆነ መጥቷል። በእንዲህ ዓይነት ፋብሪካዎች የማምረቻ መስመር ላይ በአይኤስኦ 13850 ዓለም አቀፍ ደረጃ መሠረት የሚተከለው የአደጋ ጊዜ ማቆሚያ ቢጫ መደብ ላይ የተቀመጠ፣ እንደ እንጉዳይ ሰፊ ራስ ያለው ቀይ ቁልፍ ሲሆን፣ በአንድ ምት ወደ ውስጥ ገብቶ እዚያው ይቀረቀራል። ለማስለቀቅ መጠምዘዝ ወይም መሳብ ያስፈልጋል፤ ከተለቀቀም በኋላ መስመሩ በራሱ እንዳይነሳ ደረጃው ይከለክላል። ብረት በሚቆርጡና በሚጨፈልቁ ማሽኖች ላይ ደግሞ ተራርቀው የተቀመጡ ሁለት ቁልፎች በአንድ ጊዜ በሁለት እጅ ካልተጫኑ ማሽኑ የማይወርድበት አሠራር አለ፤ ሁለቱም እጆች ቁልፍ ላይ ከሆኑ ከማሽኑ ሥር የሚቀር እጅ አይኖርምና።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ በአንድ ጊዜ የመጣ አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ቢ-17 የተባለውን የአሜሪካ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ካሳረፉ በኋላ መሬት ላይ ሳሉ ጎማውን የሚያጥፉ አብራሪዎች እየበዙ ሲመጡ፣ ጥፋቱ የእነርሱ ቸልተኝነት ተደርጎ ተወስዶ ነበር። አልፎንስ ቻፓኒስ የተባለው የሥነ ልቡና ባለሙያ ግን የጎማውና በክንፉ ጠርዝ ላይ የሚታጠፈው ክፍል መቆጣጠሪያዎች ጎን ለጎን የተቀመጡና በቅርጽ አንድ ዓይነት መሆናቸውን አስተዋለ፤ በአንደኛው ላይ ጎማ መሰል፣ በሌላው ላይ ክንፍ መሰል እጀታ ሲደረግ እጅ ሳያይ መለየት ቻለ። ፖል ፊትስና ሪቻርድ ጆንስ እ.ኤ.አ. በ1947 ባወጡት ጥናት ደግሞ በአብራሪዎች የተነገሩ 460 የመቆጣጠሪያ ስህተቶችን መርምረው ግማሽ ያህሎቹ አንዱን መቆጣጠሪያ በሌላው ቦታ ከመነካካት የመጡ ሆነው አገኟቸው፤ ጨርሶ ሳያስቡ የነኩት ከመቶ 5 ያህሉ ብቻ ነበር። አብዛኛው ወለምታ፣ እንግዲህ፣ ሰውየው አንድ ነገር መጫን ፈልጎ ጎረቤቱን ሲጫን የሚደርስ ነው።

በጃፓን ፋብሪካዎች ውስጥ የዚሁ ሐሳብ ታሪክ በስም ለውጥ ይታያል። ኢንጂነሩ ሺጌዮ ሺንጎ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያስፋፋው የስህተት መከላከያ ዘዴ መጀመሪያ «ባካ-ዮኬ»፣ ማለትም ሞኝ መከላከያ ይባል ነበር፤ ቃሉ ሠራተኞችን እንደሚያስከፋ ሲረዳ «ፖካ-ዮኬ»፣ የስህተት መከላከያ በሚል ለወጠው። የስሙ ለውጥ የጥፋተኛውን ማንነት ጭምር ለወጠ።

አሜሪካዊው ዶናልድ ኖርማን እ.ኤ.አ. በ1988 ስለ ዕለታዊ ዕቃዎች ቅርጽ ባሳተመው መጽሐፍ የሰውን ስህተት ለሁለት ይከፍላል። አንደኛው ሐሳቡ ራሱ የተሳሳተ ሲሆን ነው፤ ለምሳሌ ገንዘብ ለማይገባው ሰው ሆን ብሎ መላክ። ሁለተኛው ሐሳቡ ትክክል ሆኖ እጅ ሲስት ነው፤ አማርኛ የአፍ ወለምታ እንደሚል የጣት ወለምታ ቢባል ያስኬዳል። የሁለቱ ልዩነት ተግባራዊ ትርጉም አለው። ጀማሪ ሰው እያንዳንዱን ቁልፍ አይቶና አስቦ ስለሚጫን ብዙ ጊዜ የሚስተው በሐሳብ ነው፤ ወለምታ የለመደ ሰው ዕጣ ነው። በቡሬ ገበያ በቀን ደጋግሞ ገንዘብ የሚልክ የበርበሬ ነጋዴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሚልከው ገበሬ ይልቅ ለጣት ወለምታ የተጋለጠ ነው፤ እጁ ከዓይኑ ቀድሞ ይሄዳልና።

ወደ ስልኩ ሲመጣ፣ የወፍጮ ሣጥኑን ያህል የታሰበበት ነገር ማግኘት ያዳግታል ማለት ግነት ይሆናል፤ ባለ ቁልፍ ስልክ ቢያንስ አንድ ብልሃት ነበረው። በኖኪያዎቹ ዘመን ስልክ የሚከፈተው መጀመሪያ የግራውን ቁልፍ፣ ከዚያ ወዲያው ኮከቧን በመጫን ነበር። በኪስ ውስጥ ከመክፈቻ ቁልፍና ከሳንቲም ጋር የሚጋጭ ስልክ አንዱን ቁልፍ በአጋጣሚ ሊጫን ይችላል፤ ተራርቀው የተቀመጡ ሁለት ቁልፎችን በቅደም ተከተልና በአጭር ጊዜ ውስጥ መጫን ግን ከአጋጣሚ ይልቅ የፈቃድ ምልክት ነው። የንክኪ ስክሪን ይህንን በመጎተት ተክቶታል፤ ኪስ ይጫናል እንጂ ብዙውን ጊዜ አይጎትትም።

የንክኪ ስክሪን ዋና ችግር ከኪስ ሳይሆን ከእጅ ጋር ነው። ስክሪኑ ግፊትን አይለካም፤ የሚያውቀው የሰው ቆዳ በላዩ ሲያርፍ የሚፈጠረውን ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ለውጥ ነው። ዕርፍ ሲይዝ የኖረና የጠነከረ መዳፍ ለውጡን ስለሚያደክመው ሰውየው ደጋግሞ ይጫናል፤ ሊጥ አቡክታ እጇን የታጠበች ሴት ጣት ላይ የቀረች የውሃ ጠብታ ደግሞ ያልተነካውን እንደተነካ ታስቆጥራለች። የአንድሮይድ ሠሪዎች መመሪያ የሚነካ ነገር ሁሉ ቢያንስ 9 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት እንዲኖረው ይመክራል፤ ነገር ግን ስፋት ብቻውን አይበቃም፤ «ላክ» እና «ሰርዝ» ተጎራብተው ከተቀመጡ ስፋታቸው ወለምታን አያስቀርም። እዚህ ላይ የቢ-17ቱ መቆጣጠሪያዎች በመስታወት ተሸፍነው ተመልሰዋል።

የኢትዮጵያ ገጠር ግን አሁንም በአብዛኛው የሚያዝዘው በኮከብና በመሰላል ነው። ቀሪ ሂሳብ ለማየት ኮከብ 804 መሰላል፣ ካርድ ለመሙላት በኮከብ 805 ጀምሮ የካርዱን ቁጥር፣ ለሌላ ሰው ሂሳብ ለማስተላለፍ በኮከብ 806 ጀምሮ ስልክ ቁጥሩንና መጠኑን ማስገባት ልጅ አዋቂው የለመደው ነገር ነው። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ በመልክ ቢመሳሰሉም ስህተትን በተመለከተ ግን ሰማይና ምድር ናቸው። የሚፋቀው ካርድ ቁጥር ረጅምና በዘፈቀደ የተመረጠ በመሆኑ ሊኖሩ ከሚችሉት ቁጥሮች እጅግ ጥቂቱ ብቻ እውነተኛ ካርድ ነው፤ አንድ አሃዝ የተሳሳተ ሰው «ልክ አይደለም» ተብሎ ይመለሳል፣ ምንም አይጎድልበትም። ስልክ ቁጥር ግን ባለቤት የሞላበት መንደር ነው፤ በአንዱ አሃዝ የሳተ ሰው የሚያንኳኳው ባዶ ቤት ሳይሆን የሌላ ሰው በር ነው። የባንክ ካርዶች ይህን አደጋ የሚያመልጡት የአይቢኤሙ ሃንስ ፒተር ሉን በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በቀየሰው ስሌት ነው፤ የመጨረሻዋ አሃዝ ከቀደሙት ተሰልታ የምትገኝ መፈተሻ ስለሆነች አንድ አሃዝ ቢሳት ስሌቱ ወዲያው ይፈርሳል፤ የተጎራበቱ አሃዞች ቦታ ቢለዋወጡም፣ ከ09 እና ከ90 በቀር፣ ይታወቅበታል። ስልክ ቁጥር እንዲህ ያለ መፈተሻ የለውም።

ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ኤም-ፔሳ ሲከተለው፣ ስልክ ቁጥር በአንድ ጊዜ የገንዘብ ሂሳብ ቁጥርም ሆነ፤ ለጥሪ የተሠራው አድራሻ ለገንዘብ ዋለ። በዚህ ጊዜ መፈተሻ አሃዝን ሊተካ የሚችለው የተቀባዩ ስም ነው፤ የሚስጥር ቁጥር ከመግባቱ በፊት ስሙ ሲታይ ላኪው «ይሄማ እሱ አይደለም» ብሎ ይመለሳል። በኬንያ «ሃኪኪሻ» (አረጋግጥ) የተባለው አገልግሎት የተቀባዩን ስም አሳይቶ ላኪው ሐሳቡን እንዲቀይር ጥቂት ሴኮንዶች የሚሰጠው በዚሁ ምክንያት ነው። ለአማርኛ አንባቢ ግን አንድ ጠባብ በር አለ። በኮከብና መሰላል የሚሠራው ዩኤስኤስዲ የተባለው ዘዴ በአንድ ገጽ የሚሸከመው 182 የላቲን ፊደላትን ሲሆን፣ እያንዳንዱ የግእዝ ፊደል ሰፋ ያለ ቦታ ስለሚይዝ በአማርኛ ሲጻፍ ገጹ ክፍተትና ነጥብን ጨምሮ ወደ 80 ምልክት ይወርዳል። ፊደላችን ተነባቢና አናባቢን አንድ ላይ ስለሚያዝል ቃላቱ ያጥራሉ፤ የጠፋውን ቦታ ሁሉ ግን አይመልስም። የተቀባይን ስም ከነአባቱ፣ ስልክ ቁጥሩን፣ የገንዘቡን መጠን፣ የአገልግሎት ክፍያውንና ሁለት ምርጫዎችን በ80 ምልክት ማስፈር የድሮ ቴሌግራም ጸሐፊን ቁጠባ ይጠይቃል፤ ሲጨናነቅም መጀመሪያ የሚቆረጠው ስሙ እንዳይሆን መጠንቀቅ ያሻል።

ማንበብ የማይችል ተጠቃሚ ደግሞ ጽሑፉን ሳይሆን ተራውን ያጠናል፤ «መጀመሪያ 1፣ ቀጥሎ 3፣ ከዚያ ቁጥሩ» ብሎ በቃሉ ይይዛል። ስለዚህ የምርጫዎች ቅደም ተከተል በተለወጠ ቁጥር ትናንት ትክክል የነበረው ጣት ዛሬ ይስታል፤ አዲስ ምርጫ ከመጨረሻ ቢጨመር ግን ማንም አይጎዳም። ኔትወርክ ሲዘገይ የሚደርሰው ሁለት ጊዜ መጫንም ከዚህ አይለይም። «ላክ» ብሎ መልስ ያጣ ሰው ዳግመኛ ይልካል፤ ሁለቱም ከደረሱ ገንዘቡ ሁለት ጊዜ ይቆረጣል። መድኃኒቱ ከጣቱ ዘንድ የለም፤ ስልኩ ለእያንዳንዱ የመላክ ሐሳብ አንድ መለያ ቁጥር ሰጥቶ፣ ተቀባዩ ኮምፒውተር ያንኑ መለያ ሁለተኛ ጊዜ ሲያይ «ይህን አይቼዋለሁ» ብሎ መተው አለበት።

የኢንተርፌስ ቀራጮች ሰነፍ ሲሆኑ ለሁሉም ወለምታ የሚያዙት መድኃኒት «እርግጠኛ ነዎት?» የሚለው ጥያቄ ነው። ይህ ጥያቄ ለጀማሪ ይጠቅም ይሆናል፤ የለመደው ሰው ጣት ግን «ላክ»ንና «አዎ»ን እንደ አንድ ምት ስለሚቆጥራቸው ጥያቄው የሚነበበው ከተመለሰ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 13 ቀን 2018 በሐዋይ ደሴቶች ሚሳይል እየመጣ ነው የሚል የሐሰት ማስጠንቀቂያ ለሕዝቡ ስልክ ሲላክ ይኸው ጥያቄ ቀርቦ ነበር፤ ሠራተኛውም «አዎ» ብሏል። መጀመሪያ የተሳሳተ ቁልፍ ተጫነ ተብሎ ቢወራም፣ ምርመራው ሠራተኛው ልምምዱን እውነት መስሎት እንደነበር አመለከተ፤ በእርግጠኛ ሰው ላይ ደግሞ «እርግጠኛ ነዎት?» ምንም አቅም የለውም። ከስህተቱ የበለጠ አስደንጋጩ ማስተባበያው ለመላክ 38 ደቂቃ መፍጀቱ ነው፤ ማስጠንቀቂያ የሚልክ እንጂ የተላከውን የሚመልስ የተዘጋጀ መንገድ አልነበረም።

መመለስ የተባለው ብልሃት በኮምፒውተር ቢያንስ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይታወቃል፤ ጸሐፊ የደመሰሰውን አንቀጽ በአንድ ትእዛዝ ያስነሳዋል። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ለሚለው ግን ሌላ ዘዴ ተገኝቷል፤ ውሃው የፈሰሰ መስሎ ጥቂት ጊዜ በእንስራው አፍ እንዲቆይ ማድረግ። ጂሜል እ.ኤ.አ. በ2009 የጀመረው መልእክት የመመለስ አገልግሎት የሄደውን ደብዳቤ አያሳድድም፤ «ተልኳል» ካለ በኋላ ለሴኮንዶች ይዞት ይቆያል እንጂ። በቴሌግራም የመልእክት መተግበሪያም ንግግርን ያጠፋ ሰው ቁጥር ወደ ኋላ እየተቆጠረለት መመለስ ይችላል። ጥያቄ ከድርጊቱ በፊት ይመጣል፣ ፋታ ግን ከድርጊቱ በኋላ፤ ሰው ስህተቱን የሚያየው ደግሞ ብዙ ጊዜ ጣቱ ከተነሳ በኋላ ባለችው ቅጽበት ነው።

ክልከላው ከበዛ ሌላ ጉዳት እንደሚመጣ መካድ አይቻልም። የተቆለፈ ስልክ ሁሉ ለአደጋ ጥሪ ክፍት እንዲሆን የተደረገው ምጥ የያዛትን ሴት ወደ ሐኪም ቤት የሚያደርስ ሰው የሚስጥር ቁጥር ፍለጋ እንዳይዘገይ ነው። በተቃራኒው አንድሮይድ ስልኮች የኃይል ቁልፉን አምስት ጊዜ በመጫን የአደጋ ጥሪ እንዲደውሉ ሲደረግ፣ በሰኔ 2023 (እ.ኤ.አ.) የብሪታንያ ፖሊስ ሳይታሰቡ በሚደወሉ ጥሪዎች መጥለቅለቁን አስታወቀ። አምስት ምት ለኪስ ይከብዳል ተብሎ ነበር፤ አልከበደውም።

ገንዘብን በተመለከተ የኢትዮጵያ ሕግ የራሱ የይቅርታ ቁልፍ አለው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2164 ሳይገባው የከፈለ ሰው የከፈለውን ማስመለስ እንደሚችል ይደነግጋል፤ ስለዚህ አሃዝ ስቶ ለማያውቀው ሰው የላከ ሰው መብቱ አልጠፋም። ተቀባዩ ቅን ከሆነ ስልክ ተደውሎለት ይመልሳል፤ እምቢ ካለ ግን ክሱ በመደበኛው የሥነ ሥርዓት ደንብ የሚቀርበው ተከሳሹ በሚኖርበት ወይም በሚሠራበት ቦታ ለሚገኘው ፍርድ ቤት ነው። ከወምበርማ ገጠር 500 ብር ወደ ቡሬ ሊልክ ፈልጎ 6ን በ9 ቦታ የተጫነ ገበሬ፣ የቁጥሩ ባለቤት ጅጅጋ ወይም አሶሳ ቢሆን፣ መብቱን ለማስከበር የሚሳፈርበት አውቶቡስ ዋጋ ከ500ው ብር ይበልጣል።